የእትዬ ዘርትሁን ባዳዎች

በዚያን ዘመን ደብረ ብርሃን ውስጥ ለቅሶ የሄደ ሰው ከድንኳኑ ደጃፍ ላይ ሁለት ነገር ይጠብቀው ነበር። አንደኛው ብርዱ ነው፤ እሱ ያው የጥንቱ ነው፣ ማንም አላመጣውም። ሁለተኛዋ ትርንጎ አስረስ ናት። ሰማያዊ ካፖርቷን እስከ አገጯ ቆልፋ፣ ከታጣፊ ጠረጴዛዋ ኋላ ተቀምጣ፣ ለመጣው ሁሉ ያችኑ አንድ ጥያቄ ታቀርባለች።

«ለሟች ምናቸው ነዎት?»

የተጠየቀው ሰው ጋቢውን ወደ ትከሻው መለስ ያደርግና «አጎታቸው» ይላል። ትርንጎ ትጽፋለች። የረገጠውን ሁሉ የሚቆጥረው የድንኳኑ ወለል ሰውየውን ከቆጠራ ያወጣዋል። ሰውየውም ገብቶ እንደ አጎት ያለቅሳል።

ጊዜው ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። የትርንጎ የሥራ መጠሪያ «የዝምድና መዝጋቢ» ይባላል። ሰፈሩ ግን «ዘመድ አጣሪዋ» ይላታል፤ ያውም በፍቅር ነው፣ ምክንያቱም ትርንጎ ማንንም አጣርታ አታውቅም ነበር።

አገሩን የያዘው ባለአደራው ነው። ባለአደራው ሰው አይደለም፤ ከባሕር ማዶ ያለ መሥሪያ ቤት ነው። በትርንጎ አያት ጊዜ አገሪቱ የተበደረችውን መመለስ ሲያቅታት፣ «እስክትጠነክሩ ድረስ እኛ እንያዝላችሁ» ብሎ ተረከበ። ሃምሳ ዓመት ያዘላቸው፤ እጁም የደከመው አይመስልም። ከከተማው በላይ ያለው ሜዳ ከዳር እስከ ዳር የነፋስ ተርባይን ተተክሎበታል። ከነፋሱ የሚወጣው ኃይል በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ወደ ማዶ ይሄዳል፤ ትንሹ ተቀንሶ በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይመለሳል። ደመወዝ የሚከፈለው በሙቀት ሰዓት ነው፣ ጡረታም እንደዚያው፣ ግብርም የሚቆረጠው ከዚያው ነው። የገዛ ነፋሳቸው መልሶ እንደሚሸጥላቸው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን ይህን ለመነጋገር መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ መሰብሰብ ደግሞ ግብር አለበት።

የመሰብሰብ ግብር ሲጀመር ለማንም አልታወቀም። መጀመሪያ ከመቶ ሰው በላይ ለሆነ ስብሰባ ነበር፤ ማን መቶ ሰው ይሰበስባል ተብሎ ዝም ተባለ። ከዚያ ሃምሳ ሆነ። ከዚያ ሃያ። እያንዳንዱ ማሻሻያ ሕዝቡን በማመስገን በሚጀምር ደብዳቤ ይመጣል፤ ሕዝቡም ምስጋናውን እያነበበ ሳለ ሰባት ደረሰ። ሰባት ሰው ባለበት ወለል ላይ ስምንተኛው ከቆመባት ደቂቃ ጀምሮ ከስምንቱም ቤት ግድግዳ ሙቀት ይቆረጣል።

ተለመደ። ሰርግ በፈረቃ ሆነ፤ ሙሽሮቹ ቁጭ ይላሉ፣ አምስት አምስት እንግዳ በየሩብ ሰዓቱ እየገባ ይመርቃል፣ ይጎርሳል፣ ይወጣል። እስክስታ የሚወድ ሰው ሦስት ጊዜ ይሰለፋል። ኳስ ሰባት ሰባት ሆነው በየክፍሉ ያያሉ፤ ጎል ሲገባ ጩኸቱ ግድግዳ ለግድግዳ ሕንፃውን ይዞራል። ሰባት ሰው ቆሞ ሲያወራ ያየ መንገደኛ፣ ወንድሙ እንኳ መሃላቸው ቢኖር፣ ከማዶ ሆኖ በእጁ ሰላም ብሎ ያልፋል። በሰፈሩ ከስድብ ሁሉ የከፋው ስድብ «ስምንተኛ!» ነበር።

ለቅሶ ብቻ ቀረ። የእድር ዳኞች ገና ከመጀመሪያው አቤቱታ ጽፈው ነበርና፣ ባለአደራው ርኅሩኅነቱን ለማሳየት አንድ አንቀጽ ጨመረ። ዘመድ ያለ ግብር ያልቅስ፣ ባዳ ግን ይክፈል አለ። ዘመድና ባዳን የሚለይ አንድ አንድ መዝጋቢም በየእድሩ ድንኳን አስቀመጠ።

ማዶ ያሉት ሰዎች አንድ ያልገባቸው ነገር ነበር። ጥያቄውን ሲያዘጋጁ ሰዉ የትውልድ ሐረጉን የሚናገር መስሏቸዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ሃያ ዓመት በአንድ ደረጃ የወጣህ የወረድክበትን ሰው «ወንድሜ» ማለት ውሸት አይደለም፤ ነውሩ ሌላ ማለቱ ነው። ስለዚህ ትርንጎ ጠየቀች፣ እነሱ መለሱ፣ እሷ ጻፈች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከተማው ሁሉ ተዛምዶ አለቀ። የእድሩ ጡሩባ ነፊ ጋሽ ይግረም ብቻውን የዘጠና አራት ሟቾች አጎት ሆኖ ተመዝግቧል። አንድ ቀን ትርንጎ ሳቅ እያመለጣት፣ በዘጠና ዓመታቸው ለሞቱ ሽማግሌ እንዴት አጎት ሊሆን እንደቻለ ብትጠይቀው፣ ፊቱን ሳይፈታ «በእናቴ በኩል» አላት።

ትርንጎ ክፉ ሰው አልነበረችም። ደፋርም አልነበረችም። በአርባ አራት ዓመቷ አለኝ የምትለው ነገር ቢኖር አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሁለት ክፍል ቤት፣ ደረቷን የሚያማት እናቷ ሙላቷ፣ እና ቀንም ሌሊትም የማይቀዘቅዝ አንድ ግድግዳ ነው። የእናቷ አልጋ ከዚያ ግድግዳ ጋር ተጠግቷል። ሐኪሙ መድኃኒት አላዘዘም፤ «ከዚህ ግድግዳ አታርቂያት» ብቻ ነው ያለው። ሥራው ከሌለ ግድግዳው የለም። ትርንጎ ይህን ጠዋት ካፖርቷን ስትቆልፍ ታስበዋለች፣ ማታ ስትፈታም ታስበዋለች።

በጥቅምት መጨረሻ ከማዶ አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ አማርኛው ከአንገትጌው ውስጥ ይወጣል፤ አፉ ሌላ ሲያወራ አንገቱ «ወይዘሮ ትርንጎ፣ እንደምን ሰነበቱ» ይላል። መዝገቡን አብረው አገላበጡ። ይግረም የተባሉት ሰው አጎት ከሆኑላቸው ሟቾች ሠላሳ አንዱ በዕድሜ እንደሚበልጧቸው በአክብሮት ጠቆማት። ትርንጎ ትልቅ ቤተሰብ ነው ብላ መለሰች። ተቆጣጣሪው ፈገግ አለ። አልቀጣትም፤ እንዲያውም በትጋቷ ተመስግና የሙቀት ሰዓቷ በግማሽ ተጨመረላት። ሲጨመርላት ምን እንደሚጠበቅባት ለመገመት ብዙ ትምህርት አያስፈልግም።

የሚጠበቅባት በሳምንቱ በሣጥን መጣ። ሣጥኑ የጫማ ካርቶን ያህል ነው፤ ከላዩ ለጣት የሚሆን ቀዳዳ አለው። ጣት ይወጋል፣ አንድ ጠብታ ደም ይወስዳል፣ ከሟቹ ደም ጋር ያስተያይና ከሁለት ቃል አንዱን ይናገራል። «ዘመድ» ወይም «ባዳ»። ድምፁ የሴት ነው፣ ለስላሳ፣ ስልክ ላይ «እባክዎ ይጠብቁ» የሚለው ዓይነት።

ኅዳር በገባ በአሥረኛው ቀን እትዬ ዘርትሁን ሞተች።

እትዬ ዘርትሁን የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ነበረች። ሁለት መቶ ሰሃን፣ አርባ ጆግ፣ ሰባት ትልልቅ ድስት፤ እያንዳንዱን በጭረቱ ታውቀዋለች። አንድ ሹካ ጎድሎ ከተመለሰ እስኪገኝ ድረስ ሰውየውን በስሙ ሳይሆን «ሹካ» ብላ ነው የምትጠራው። በልጅነቷ ቆላው በጎርፍ ሲጠፋ ከተፈናቀሉት ጋር የመጣች ናት፤ ከመጡትም እሷ ብቻ ተረፈች። ባል አላገባችም፣ አልወለደችም። በባለአደራው መዝገብ ከስሟ ትይዩ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

የትርንጎ እናት በወጣትነቷ ብርድ ልብስ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራ ነበር። ፈረቃው ሲደርስ ሕፃኗን ለዘርትሁን ትሰጣለች። ዘርትሁንም ዕቃ ቤቱ ስለሚበርድ ልጅቷን በጋቢ ጠቅልላ ትልቁ ድስት ውስጥ ታስተኛታለች፤ ድስቱ ከእሳት ሲወርድ ለብ ብሎ ይቆያልና። ትርንጎ እስከ ሦስት ዓመቷ እንቅልፍ ማለት ድስት ይመስላት ነበር። ሰፈሩ አድጋ እንኳ «የድስቷ ልጅ» ማለቱን አልተወም።

በአዲሱ ደንብ የሟችን ደም መውሰድ የመዝጋቢዋ ሥራ ነው። ትርንጎ ጠዋት ገብታ የእትዬ ዘርትሁንን ጣት ያዘች። ጣቱ በሳሙና ብዛት የተሸበሸበ ነው። ወጋችው። ተቆጣጣሪው አጠገቧ ቆሟል።

ጡሩባው ተነፋ። በደንቡ መሠረት ጋሽ ይግረም «የሟች ዘመድ የሆናችሁ» እያለ መጥራት ነበረበት። እሱ ግን በየሕንፃው ሥር ቆሞ «ዘርትሁን ሞታለች» ብቻ እያለ አለፈ። ሕዝቡ እንደሚመጣ ትርንጎ አላሰበችም፤ ወለሉ እንደሚቆጥር ሁሉም ያውቃል፣ ኅዳር ነው፣ ሜዳው ጠዋት ጠዋት በውርጭ ነጭቶ ያድራል። ሦስት ሰዓት ላይ ቀና ስትል ሰልፉ ከድንኳኑ ደጃፍ ጀምሮ የሕንፃውን ጥግ ታጥፏል።

ጋሽ ይግረም ጡሩባውን በብብቱ ይዞ ከፊት ቆመ። ሣጥኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት።

«አትጠይቂኝም?» አለ።

«ጥያቄው ቀርቷል ጋሼ። ጣትህን ብቻ ነው።»

«አሥራ አንድ ዓመት ስትጠይቂኝ ኖረሽ ዛሬ ይቀራል? ጠይቂኝ እንጂ።»

ትርንጎ ወደ ተቆጣጣሪው ዞር አለች። እሱ በትሕትና ወደ መሬት ያያል።

«ምኗ ነህ?»

ከኋላ ያሉት ጆሯቸውን አቀኑ። «በእናቴ በኩል»ን ነበር የጠበቁት፤ አንዳንዱ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ምንም» አለ ጋሽ ይግረም። «ጎረቤቷ ነኝ።»

ጣቱን አስገባ። ሣጥኑ «ባዳ» አለ።

«ዕቃው እንኳ እውነት ይናገራል» አለና ገብቶ ፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሚስቱ እትዬ ባፈና ተከተለች። ጎረቤቷ ነኝ፣ ሰሃን አብሬያት አጥቤያለሁ አለች። ባዳ። ዳቦ ጋጋሪው መጣ። ባዳ። አንድ ጎልማሳ፣ ጭልፋዋን ከወሰደ አራት ዓመቱ እንደሆነና ሳይመልስላት መሞቷ እንደቆጨው ተናገረ፤ ጭልፋውን ይዞ መጥቷል። ባዳ። ሰባት ሞላ። ስምንተኛዋ ልብስ ሰፊዋ የሺመቤት ናት። ጣቷ ደምቶ፣ ባዳ ተብላ፣ ከድንኳኑ ደፍ ላይ ቆመች። እግሯን ብታስገባ የሰባት ቤት ግድግዳ ይቀዘቅዛል። በከተማው ታሪክ አውቆ ስምንተኛ የሆነ ሰው አልነበረም። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ለሟች ይሁን ለራሷ አልታወቀም።

ጋሽ ይግረም ከወንበሩ ላይ ጠጋ አለላት። «ነይ እንጂ ስምንተኛዋ» አላት።

ሰው ሳቀ። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንደዚያ ተስቆ አያውቅም። የሺመቤት ገባች። ወለሉ መቁጠር ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ የቆጠረው ሁሉ ለማንም ግድ አልሰጠውም።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ጣቱን ሰጠ። ትርንጎ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ጊዜ ጠየቀች፤ አትጠይቂ ብትባልም ከጋሽ ይግረም በኋላ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃታል። ማንም አጎት ነኝ አላለም። አሥራ አንድ ዓመት ሲዛመድ የኖረ ሕዝብ በአንድ ቀን ባዳነቱን አመነ፤ በዚያች ለስላሳ ድምፅ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ጊዜ ባዳ ተባለና ገብቶ እንደ ልጅ አለቀሰ። ትርንጎ ስሞቹን በተራ ጻፈች። ጽሕፈቷ ቆንጆ ነው፤ ሁሌም ይመሰገን ነበር።

ሰልፉ ሲያልቅ ጋሽ ይግረም ከድንኳኑ ወጣ። ጠረጴዛዋ ጋ ቆሞ ትንሽ ጊዜ ሣጥኑን አየው።

«የድስቷ ልጅ» አላት፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። «የቀረሽው አንቺ ነሽ። ጣትሽስ?»

ተቆጣጣሪው ቀና አለ። ትርንጎ በዚያች ቅጽበት ያየችው እትዬ ዘርትሁንን አይደለም፤ ተቆጣጣሪውንም አይደለም። ያየችው ግድግዳውን ነው፣ የእናቷ ጀርባ ተጠግቶ የሚተነፍስበትን ግድግዳ።

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አለች።

ጋሽ ይግረም አልተቆጣም። ቢቆጣ ኖሮ እሷም ትቆጣ ነበር፣ ነገሩም ጸብ ሆኖ ይቀር ነበር። ጭንቅላቱን ነቀነቀና «ይሁን፣ ሥራ ነው» ብሎ ተመልሶ ገባ። ትርንጎ ዝርዝሩን ፈርማ ላከች፤ ጠረጴዛዋንም አጠፈች።

ሦስት ቀን ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን የሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰዎች ግድግዳ ቀዘቀዘ። ደብዳቤው እንደ ወትሮው በምስጋና ይጀምር ነበር፤ ግብሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ እስከ ሚያዝያ ሙቀት እንደማይኖር ገልጾ፣ ለትብብራቸው ደግሞ አመሰገነ።

በትርንጎ ሕንፃ የሚሞቅ ግድግዳ አንድ ብቻ ቀረ። ሰዎች በቀን በፀሐይዋ ይሞቃሉ፣ ማታ የሱፍ ባናቸውን ደራርበው ሁለትና ሦስት ቤተሰብ፣ ከሰባት ሰው ሳያልፍ፣ በአንድ ክፍል ያድራሉ፤ ሳሉ በደረጃው ላይ ይሰማል። ግድግዳው በቀዘቀዘ በአምስተኛው ቀን ትርንጎ የእትዬ ባፈናን በር አንኳኳች። ጋሽ ይግረም ደረቱን ይዞ ተኝቷል። እኛ ዘንድ ይሞቃል፣ አምጪውና አልጋ እንሥራለት አለች። እትዬ ባፈና በሩን ገርበብ አድርጋ ይዛ አየቻት።

«አንሄድም ልጄ» አለች። «ሥራሽን እናበላሽብሻለን።»

እናቷ ሙላቷ ለሦስት ቀን ምንም አልጠየቀችም። በአራተኛው ግን የሳሉን ድምፅ ስታዳምጥ ቆይታ፣ ይሄ ግድግዳ ለምን ይሞቃል አለች። ትርንጎ ሥራዋን፣ ጭማሪውን፣ ሐኪሙን ነገረቻት። እናቷ ጨርሳ አዳመጠችና ለዘርትሁን ጣትሽን ሰጠሻት ወይ ብላ ጠየቀች። ትርንጎ ሾርባው እንዳይፈስ ብላ ወደ ምድጃው ሄደች። ጠዋት ስትነሳ አልጋው ከግድግዳው አንድ ክንድ ርቆ አገኘችው። መልሳ አስጠጋችው። በማግሥቱም ርቆ አገኘችው። ያቺ ከአልጋ መነሳት የማትችል ሴት እንዴት እንደገፋችው እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ጋሽ ይግረም በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ጡሩባ ነፊው ራሱ ነውና የሞተው፣ ማን እንደሚነፋ ሰዉ ግራ ገባው። እትዬ ባፈና ጡሩባውን ከግድግዳ አውርዳ ወጣች። ድምፁ አላማረላትም፤ የሚጠራው ነገር ግን ተሰማ።

«ይግረም ሞቷል። ዘመድ የለውም። ባዳ ሁሉ ይምጣ።»

ከዚያ በኋላ ያለው በመጽሐፍ የተጻፈ ነው። ከደብረ ሲና መጡ፣ ከአንኮበር መጡ፣ ይግረምን አይተውት የማያውቁ ሰዎች በጭነት መኪና መጡ። ትርንጎ እናቷን ልታስታምም ፈቃድ ወስዳ ነበርና በቦታዋ ሌላ መዝጋቢ ተቀምጧል፤ ሣጥኑ ግን እስከ ቀትር ሠርቶ ደም ሞላው መሰለኝ፣ ቃሉን መናገር አቆመ። ሰዎቹ ራሳቸው «ባዳ» እያሉት ገቡ። በታኅሣሥ አዲስ አበባ ላይ፣ በጥር ድሬዳዋ ላይ ድንኳን ተተከለ፤ የሚለቀስለት ሰው በብርድ ይሞታል፣ ለእሱ ሊያለቅሱ የሄዱት ግድግዳቸው ይቀዘቅዛል፣ ከእነሱም አንዱ ይሞታል፣ ለእሱ ደግሞ ሌሎች ይሄዳሉ። ባለአደራው ግብሩን ከፍ አደረገው። ከዚያ ዝቅ አደረገው። ከዚያ ለቅሶን ጨርሶ ከግብር ነፃ አወጣ፤ ግን ነፃ ሲወጣ ሰዉ ከድንኳኑ ለመነሳት ረስቶ ነበር። በየካቲት የተርባይን ጠባቂዎቹ ሥራቸውን ትተው ለቅሶ ተቀመጡ። ነፋሱ ይነፍሳል፣ የሚያዞረው የለም። ማዶ ባሉ ከተሞች ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት ጠፋ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ባለአደራው ሄደ፤ የመጨረሻው ደብዳቤውም በምስጋና ነበር የጀመረው።

ሙላቷ ያንን አላየችም። በዚያው የካቲት መግቢያ፣ ተርባይኖቹ ሳይቆሙ ሞተች፤ በሞቀ ግድግዳና በራቀ አልጋ መካከል። ለቅሶዋ ላይ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ትርንጎን አቅፈው አለቀሱ፣ ንፍሮ አመጡ፣ ሠልስቱን ቁጭ አሉ። ስለ ዝርዝሩ አንድም ሰው አላነሳም። ትርንጎ አንድ ሰው እንዲያነሳ ሦስት ቀን ጠበቀች።

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ያ ዝርዝር ዛሬ በከተማው አዳራሽ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ተማሪዎች ስሞቹን በቃላቸው ይወጡታል። ከሦስት መቶ አሥራ አንዱ አንዱ ነበርኩ የሚለው ሰው ቢቆጠር አሁን ከሁለት ሺህ ያላነሰ ነው፤ ባዳነት እንደዚህ የሚወለድ መሆኑን ባለአደራው ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ግብር ይጥል ነበር። ከወረቀቱ ግርጌ የትርንጎ ፊርማ አለ፣ ያማረ ጽሕፈት። አንድ ከንቲባ ታሪክ ጠብቀሻል ብሎ ሊሸልማት ጠርቷት ነበር። አሞኛል ብላ ቀረች። በእርግጥም ያማት ነበር፤ በሽታው ግን ለከንቲባ የሚነገር አልሆነላትም። ጽሕፈቷ ባያምር ኖሮ፣ ሁለት ሦስት ስም አጣማ ጽፋ ቢሆን፣ ይግረምን ይግዛው ብላ ቢሆን ኖሮ እያለች ታስባለች። ሁለት ፊደል ብቻ ነበር የሚፈለገው።

ማንም ሳይለምናት የእድሩን ዕቃ ጠባቂነት ወሰደች። ሁለት መቶ ሰሃን፣ አርባ ጆግ፤ ድስቶቹ ስድስት ናቸው፣ ሰባተኛው ተበስቶ ዕቃ ቤቱ ጥግ ተቀምጧል፣ አይጣልም።

አንድ ልማድም መጣ። አሁን ደብረ ብርሃን ለቅሶ የሄደ ሰው ከድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጣቱን ይዘረጋል። በሩ ላይ የተቀመጠችው አሮጊት ጣቱን ነካ ታደርግና «ባዳ» ትለዋለች። ያኔ ይገባል። ሳይባል የሚገባ የለም፤ የሟች ልጅ እንኳ ይባላል። በሩ ላይ የምትቀመጠው እትዬ ባፈና ናት። ዓይኗ ደክሟል፤ ሰውን በጣቱ ነው የምትለየው።

ትርንጎ በዚያ በር ገብታ አታውቅም። ዕቃ ጠባቂ ስለሆነች ሁሌ በኋላ በር ነው፣ በድስቶቹ በኩል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ልብ አላለም፤ ወይም ልብ ብሎ ዝም ብሏታል።

ዘንድሮ በኅዳር አሥር፣ እንደ በየዓመቱ፣ ለእትዬ ዘርትሁን መታሰቢያ ድንኳን ተተከለ። የሰፈሩ ወጣቶች አዋጥተው አዲስ ድንኳን አሰፍተዋል፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ነፋስ የማያስገባ። ትርንጎ ሰሃኖቹን አቅፋ በኋላ ዞረች። ሸራው ድፍን ነው። በኩራት የሰፉት ልጆች የኋላ በር ማውጣት አላሰቡም። አንድ ጊዜ ዙሪያውን ዞረች፤ ደግማ ዞረች። በመጨረሻ ከፊት ለፊቱ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆመች።

ተራዋ ደረሰ። ሁለት እጇ ሰሃን ይዟል። ሰሃኖቹን መሬት ላይ አስቀመጠችና ጣቷን ዘረጋች።

እትዬ ባፈና ያዘችው። እንደ ሌላው ነካ አድርጋ አልለቀቀችውም። በአውራ ጣቷ ጫፉን ዳሰሰችው፣ መርፌ የሚነካበትን ቦታ፤ ከዚያ በሳሙና የተሸበሸበውን ቆዳ ዳሰሰች። ትርንጎ ያንን ቃል ጠበቀች። ሃያ ሁለት ዓመት ሰሃን ያጠበችለት ቃል ነው።

«እጅሽ በረዶ ሆኗል» አለች እትዬ ባፈና።

«አዎ እትዬ።»

«ግቢ በይ። ይበርዳል።»

ጣቷን ለቀቀቻት። ትርንጎ ጎንበስ ብላ ሰሃኖቿን አነሳችና ገባች፤ ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከኋላዋ የነበረው እንግዳ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ እትዬ ዘርትሁንን በስም ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። ጣቱን ዘረጋ።

«ባዳ» ተባለ። ገብቶም አጠገቧ ተቀመጠ።